ውሃ ጨማሪ የተባለው ሰው

ባለፈው ሳምንት ከጎንደር ስመለስ አውቶብሳችን ሐሙሲት ላይ ቆመ። ሹፌሩ «ሻይ ለሚጠጣ ሃያ ደቂቃ፤ ከዚያ በኋላ ጥለኸኝ ሄድህ የሚለኝ እንዳይኖር» አለና ወረደ። እኔም ወርጄ አንዱ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥሁ። ስኳሩን ገና እያማሰልሁ ሳለ ነጠላዋን የተከናነበች ሴት ፊቴ ቆማ አስተዋለችኝ።

«አንተ የመሪጌታ ልጅ አይደለህም እንዴ?»

የሺ ነበረች። በደርግ ጊዜ፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር በነበረ የዓሣ ጣቢያ እኔ ጸሐፊ ሳለሁ እሷ ዓሣ ትበልት ነበር። ያኔ ቢላዋዋም ምላሷም ስል ነበሩ፤ ዛሬ የቀራት ምላሷ ብቻ ነው።

«ያ ውሃ ጨማሪው እንድሪስ ሞተ እኮ። አልሰማህም?»

«መቼ?»

«ወር አለፈው አሉ። ደልጊ፣ ልጁ ዘንድ ነው ያረፈ። ኧረ ስንቱን ዓሣ አስቀበረን! ብቻ ነፍስ ይማር፣ እሱም ሰው ነው።»

የሺ በክፋት አልተናገረችም። ለእሷ «ውሃ ጨማሪው» ስሙ ነው፤ አንዱን «ረጅሙ» ሌላውን «ቀዩ» እንደምንለው ዓይነት። የአገሩ ሰው እንድሪስን የሚያውቀው በጄኔሬተር ናፍታ ውስጥ ውሃ ጨምሮ፣ ለሠራዊት ስንቅ የተዘጋጀ ዓሣ አበላሽቶ፣ በአሻጥር የታሰረ ሰው ነው ብሎ ነው። ጋሽ እንድሪስ ግን አንዲት ጠብታ ውሃ አልጨመሩም። ይህን በእርግጠኝነት ከሚያውቁት ሰዎች መካከል አንዱ እኔ ነኝ። ሃያ ደቂቃ ነበረኝ። «የሺ፣ ያ ሰው አልጨመረም» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን «ነፍስ ይማር» ብዬ ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት።

በአፌ ያልሆነልኝን እስቲ በብዕር ልሞክረው።

ጋሽ እንድሪስ አጠር ብለው ትከሻቸው የሰፋ ሰው ነበሩ። ወገናቸው የሐይቁ ዳር ታንኳ ሠሪዎች ናቸው፤ አባታቸው ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ታንኳ ይሠሩ ነበር። የእኛ ሰው ጉደኛ ነው፤ በታንኳቸው ይሳፈራል፣ ወደ ማዕዳቸው ግን አይቀርብም። በጣቢያችን ግድግዳ ላይ የሰው ልጅ ሁሉ እኩል እንደሆነ በትልልቅ ቀይ ፊደል ተጽፎ ነበር። ሁላችንም «ጓድ» ነበርን። በምሳ ሰዓት ግን ጋሽ እንድሪስ ሳህናቸውን ይዘው በጄኔሬተሩ ቤት ደጃፍ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር። እኔም አንድ ቀን እንኳ አብሬያቸው ልቀመጥ አላልሁም።

ሙያውን የተማሩት በልጅነታቸው፣ በሐይቁ ጀልባ ላይ ይሠራ ከነበረ ጣልያን መካኒክ ነው። ፊደል አልቆጠሩም። የመብራት መስመር ጣቢያችን ድረስ ስላልመጣ ሁለቱ የዓሣ ማቀዝቀዣ ክፍሎች የሚሠሩት በአንድ ትልቅ የናፍታ ጄኔሬተር ነበር፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ የሚሠራው በጋሽ እንድሪስ። ሁልጊዜ «እሷ» እያሉ ነው የሚጠሩት። የሚያቆላምጧት እንዳይመስላችሁ፤ ይሰድቧታል። «ይች ሆዳም! ድንጋይ ቢያጎርሷት መቼ እንቢ ትላለች» ይሉ ነበር። «ሞተር የሚሞት በሆዱ ነው። ጉልበቱን ሰው ሁሉ ያይለታል፤ ሆዱን የሚያይለት የለም።»

እሳቸው ያዩላት ነበር። ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣታቸው በፊት ከነዳጁ ጋን ሥር ያለችውን ትንሽ ቧንቧ ከፍተው በማርማላታ ጠርሙስ ይቀዳሉ። ከዚያ ጠርሙሱን ወደ ሐይቁ ብርሃን አቅንተው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። ናፍታው ከላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃ ካለ ከታች ይተኛል፤ በመካከላቸው ቀጭን መስመር ትታያለች። «ውሃዋን እያት» ይሉኛል፤ «ከሥር ተኝታ ጨዋ ትመስላለች። ሞተሩ ውስጥ ስትገባ ነው ጉዷ።» ንጹሕ ናፍታ ብቻ እስኪመጣ ይቀዳሉ እንጂ ሞተሩን አያስነሡም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የምትለውን ተረት ስንቴ ከአፋቸው እንደሰማሁ አላስታውስም።

በርሜል ላይማ ጣጣቸው አያልቅም። ደጅ ያለ በርሜል ሁሉ በጎኑ ተጋድሞ፣ ሁለቱ ክዳኖቹ ግራና ቀኝ ሆነው ነው የሚቀመጥ። ሊቀዳ ሲል ጣራ ሥር ገብቶ ይቆምና አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሳይነካ ያርፋል፤ ቆሻሻው ይዘቅጣል። ሲቀዳም ናፍታው የሚሳብበት ጎማ የበርሜሉን ወለል አይነካም። ከታች አንድ ስንዝር ይተዋሉ፤ እሱን ለመሣሪያ ማጠቢያ ይለዩታል። አንድ ቀን ከግምጃ ቤት አንዱ ቸኩሎ «ዛሬ የመጣውን ዛሬ ለምን አይቀዱም?» ቢላቸው እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። ሲጠየቁ ከመመለሳቸው በፊት ጣቶቻቸውን ከትንሿ ጀምረው አንድ በአንድ መጥረግ ልማዳቸው ነው፤ ችኩል ሰው እስኪያብድ ድረስ። አውራ ጣታቸው ላይ ሲደርሱ «ናፍታ አይቸኩልም፤ የሚቸኩል ሰው ነው» አሉት።

ፊልትሮ በተለወጠ ቁጥር ደግሞ የነዳጁ መስመር ውስጥ አየር ይገባል፤ አየር የዋጠ ሞተር አይነሣም። ከፊልትሮው ራስ ላይ አንዷን ብሎን ያላሉና ትንሿን የእጅ ፖምፓ በአውራ ጣታቸው ይጫናሉ። አረፋው ትፍ ትፍ ይላል። አረፋው አልቆ ናፍታው ጸጥ ብሎ ሲፈስ ብሎኑን ያጠብቃሉ። ይህን በጣልያንኛው «ስፑርጎ» ይሉታል። አንድ ጊዜ በውይይት ክበብ ከከተማ የመጣ ካድሬ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲናገር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይህ ሰውዬ ስፑርጎ ይፈልጋል» አሉኝ። ሳቄን ለማፈን ብዕሬን ብነክስ ቀለሙ ከንፈሬ ላይ ፈሰሰ።

ቢሮዬ ከጄኔሬተሩ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበርና ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛዬ ይንቀጠቀጣል። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ጽሕፈት ያስተማሩኝ በልምጭ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቴ የዚያ ጣቢያ ጸሐፊ ያደረገኝም የእጅ ጽሑፌ ማማሩ ነበር። ጋሽ እንድሪስ አንዳንዴ ቆመው ስጽፍ ያዩኛል። «አንተ እጅህ አይንቀጠቀጥም» ይሉኝ ነበር፤ እንደ ትልቅ ሙያ አድርገው።

ከዚያ ጓድ ታምሩ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መጣ።

ጓድ ታምሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው እሱን ለማዳን አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ለእኔ ሰበብ ይሆነኝ ነበር። ሥርዓት የሚወድ ሰው ነበር፤ ጫማው የሚያበራ፣ ማበጠሪያ ከኪሱ የማይለየው። በመጣ በሳምንቱ ግቢውን ሲዞር የተጋደሙትን በርሜሎች አየና ፊቱ ተኮሳተረ።

«ይህ ምንድን ነው? በርሜል እንደ ሰካራም ተጋድሞ? ነገ እንግዳ ቢመጣ ምን ይለናል? ይቁሙ!»

በርሜሎቹ በማግስቱ በሁለት ረድፍ ቆሙ። በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈባቸው፤ እውነቱን ለመናገር ያምሩ ነበር። ጋሽ እንድሪስ መጥተው አዩ። ጣቶቻቸውን ጠረጉ።

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ክረምት እየገባ ነው። የቆመ በርሜል ራሱ ላይ ዝናብ ያቁራል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ይነፋል፤ ማታ ሲበርደው ይኮማተራል። ሲኮማተር ራሱ ላይ የቆመውን ውሃ በክዳኑ ሥር ይጠጣዋል።»

«የተዘጋ በርሜል ውሃ ይጠጣል?»

«ሲጠጣ አይቻለሁ።»

«ጓድ እንድሪስ፣ በርሜል ጉሮሮ የለውም።»

በዙሪያው የነበርን ሁሉ ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ውሃ ይጠጣል የሚለው እውነት መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ባውቅም እስቅ ነበር፣ አለቃ ሲስቅ መሳቅ ያኔ የሥራችን አንዱ ክፍል ነበር።

በማግስቱ ጋሽ እንድሪስ ቢሮዬ ገቡ። «ጻፍልኝ፣ የመሪጌታ ልጅ። በአፍ የተባለ ነገር ያስቃል፤ በጽሑፍ ሲሆን አያስቅም።» እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍሁ፦ በርሜሎቹ ተመልሰው ይጋደሙ፤ ካልሆነ ጣራ ሥር ይግቡ፤ እንዲቆሙ የተሰጠው ትእዛዝ ስሕተት ነው፤ ውሃ ገብቶ ሞተሩን ቢያበላሽ አስቀድሜ አስጠንቅቄአለሁ። ጽፌ ስጨርስ አነበብሁላቸው።

«ስሕተት ነው ያልሁትስ የት ሄደ?»

«"ቢታሰብበት" ብዬዋለሁ፣ ጋሽ እንድሪስ። በጨዋ ቋንቋ።»

«ጨዋ ቋንቋ ውሃ አያስወጣም። ያልሁህን ጻፍ።»

እንደገና ጻፍሁት። በአውራ ጣታቸው ፈረሙ፤ ጣታቸው በናፍታ ጥቀርሻ የጠቆረ ስለነበር የማኅተም ቀለም እንኳ አላስፈለገውም። ለሥራ አስኪያጁ እንድሰጥላቸው አደራ ብለው ወጡ።

ደብዳቤውን ይዤ የጓድ ታምሩ በር ድረስ ሄድሁ። ከውስጥ በስልክ ሲቆጣ ሰማሁት። በዚያ ሳምንት ከጎረቤት መሥሪያ ቤት አንድ ጸሐፊ፣ የአቤቱታ ደብዳቤ ጽፎ ሰጥቷል ተብሎ ከጠረጴዛው ላይ ተወስዶ ነበር። ያስጻፈው ሳይሆን የጻፈው። «ትእዛዙ ስሕተት ነው» የሚለው ቃል በእኔ ባማረው እጄ ጽሑፍ ነው ያለው። ወደ ቢሮዬ ተመለስሁና መሳቢያዬ ውስጥ ከፋይሎች ሥር አስገባሁት። በገቢ ደብዳቤዎች መዝገብ ላይም አላሰፈርሁትም።

«ሰጠህልኝ?» አሉኝ ከሰዓት በኋላ።

«ሰጥቻለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ እንድሪስ በርሜል ነገር ከጓድ ታምሩ ጋር መጨቃጨቃቸውን ተዉ። በጽሑፍ የተጠየቀ በጽሑፍ ይመልሳል ብለው ያምኑ ነበር፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ለጽሑፍ ያለውን ክብር እኛ የቆጠርነው የለንም። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ካስነሡ በኋላ በቢሮዬ በር ብቅ ይላሉ።

«መልስ መጣ?»

«ገና ነው።»

«ይመጣ ይሆን?»

«ይመጣል፣ ጋሽ እንድሪስ። ሥራ በዝቶበት ነው።»

ዝናቡ ጀመረ። የማርማላታውን ጠርሙስ እያመጡ ያሳዩኝ ጀመር። «እየው፣ ዛሬ ሁለት ጣት ነው።» ቀጥሎ ሦስት ጣት ሆነ። በርሜሎቹን በላስቲክ ሸፍነው ድንጋይ ጫኑባቸው፤ ጓድ ታምሩ ቀዩን ቁጥር ሸፈነብኝ ብሎ አስነሣው። እሳቸው ዝም ብለው ሥራቸውን አበዙ። በርሜሉን ጣራ ሥር አስገብተው ሁለት ቀን ያሳርፉታል፤ ከታች የሚተዉት አንድ ስንዝር ሁለት ስንዝር ሆነ። እንዲህ እያደረጉ ያንን ሁሉ የተበላሸ ናፍታ ይዘው ሞተሩን አንድ ቀን አላቆሙትም። ማንም አላወቀላቸውም፤ ያልቆመ ሞተር ማን ያመሰግናል? እኔ ግን አውቅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ደብዳቤውን ከመሳቢያዬ አውጥቼ በመዝናኛ ክበቡ ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት።

ነገሩ የፈነዳው አርብ ቀን ነው። የልዑካን ቡድን ሊጎበኘን ቀጠሮ ነበረው። ሁለቱም ማቀዝቀዣ ክፍሎች ለሠራዊቱ በሚላክ ዓሣ እስከ ጣራቸው ሞልተው ነበር፤ የሐይቁ አጥማጆች ያን ሁሉ ሰሞን በዝናብ እየተደበደቡ ያወጡት ነው። ጋሽ እንድሪስ ጋኑ ውስጥ ያለውን ናፍታ ለክተው እስከ ማታ እንደሚበቃ አረጋግጠው፣ ነጯን ኮፍያቸውን አድርገው ለጁምዓ ሶላት ሄዱ። ጓድ ታምሩ ግን እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት ጄኔሬተሩን ሊያይ ገባ። እኔ ማስታወሻ ይዤ ከኋላው ነበርሁ። በጋኑ ጎን ያለውን መለኪያ መስተዋት አየና ደነገጠ።

«ግማሽ ነው! እንግዳ ግማሽ ጋን ሊያይ ነው? ሙሉት!»

ሁለት የቀን ሠራተኞች ከደጅ፣ ከዝናቡ ሥር፣ ከረድፉ ጫፍ ያለውን በርሜል አንከባለው አመጡ። ጎማ ማን ይፈልጋል? ከፍ አድርገው ደፉት። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ድረስ አራገፉት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። «ጋሽ እንድሪስ ይምጡ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። እዚያው ቀረ።

እንግዶቹ ማቀዝቀዣው ውስጥ ቆመው ዓሣውን ሲያደንቁ ሞተሩ አንዴ አነጠሰው፤ ደገመ፤ ጨለማ ሆነ። ጋሽ እንድሪስ ዝምታውን ከመስጊዱ ደጅ ሰምተው እየሮጡ መጡ። የጋኑን ቧንቧ ሲከፍቱ የማርማላታው ጠርሙስ በውሃ ብቻ ሞላ። ደግመው ቀዱ፣ ያው ውሃ ነው። መስመሩን አጠቡ፣ ፊልትሮ ለወጡ፣ አውራ ጣታቸው ቆዳው እስኪላጥ ስፑርጎ አደረጉ። ውሃው ግን የሞተሩን ዋና ፖምፓ በልቶት ነበር፤ መለዋወጫው አዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም። እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ዓሣው ተበላሸ። ጉድጓድ ቆፍረን ያንን ሁሉ ቀረሶና አምባዛ በአካፋ ቀበርነው። አጥማጆቹ በታንኳቸው ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ከእነሱ መካከል የጋሽ እንድሪስ ወንድሞች ነበሩ።

በአሥረኛው ቀን ጠቅላላ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ቃለ ጉባዔ የምይዘው እኔ ነኝ። ከከተማ የመጣው ካድሬ መሐል ተቀመጠ፤ ጓድ ታምሩ ከጎኑ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። እሱም ፈርቷል። ያኔ ያልፈራ አልነበረም፤ ብቻ አንዱ ፍርሃቱን ሌላው ላይ ይጭናል።

«ናፍታው ውስጥ ውሃ ማን ጨመረ?» አለ ካድሬው።

«ማንም አልጨመረም። ዝናብ ነው» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ሳቅ ሆነ። ካድሬው አልሳቀም። «እንግዲያው በርሜሎቹ ውስጥ ውሃ እንዳለ ታውቅ ነበር ማለት ነው?»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅህ ዝም አልህ። ለሠራዊቱ የሚሄድ ስንቅ እንደሚበላሽ እያወቅህ ዝም ካልህ፣ በእጅህ ከጨመርኸው በምን ይለያል?»

«ዝም አላልሁም። በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ጣቴን ፈርሜ። ይኸው የጻፈው፤ ጠይቁት።»

ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ። የሺም ከኋላ ወንበር አንገቷን አስግጋ አየችኝ። ጓድ ታምሩ ስለ ደብዳቤው ምንም አያውቅምና ከልቡ ደንግጦ አየኝ። «ጸሐፊ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ገብቷል?» አለ ካድሬው።

ተነሣሁ። የገቢ መዝገቡን ገለጥሁት። አንድ በአንድ እያገላበጥሁ የምፈልግ መሰልሁ፤ እንደማላገኘው የማውቀውን።

«በመዝገብ ላይ የለም» አልሁ።

ውሸት አልነበረም። በዚያች ቃል ስንት ዓመት ራሴን ልሸነግል ሞክሬአለሁ፤ በመዝገብ ላይ የለም አልሁ እንጂ አልተጻፈም አላልሁም። ጋሽ እንድሪስ ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ሰጥቻለሁ ብለኸኝ አልነበር?» ቢሉ ጉድ ይፈላ ነበር፤ ከእሳቸው ጋር አብሬ እወሰድ ነበር። እሳቸው ጣቶቻቸውን ጠረጉ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ «እሺ» አሉ። «ተሳስቼ ይሆናል።» ተቀመጡም።

እኔም በዚያው ባማረው እጄ «ጓድ እንድሪስ ስሕተታቸውን አምነዋል» ብዬ ጻፍሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ታሰሩ። ፍርድ ቤት አልቀረቡም፤ ያች ቃለ ጉባዔ በቂ ሆነች። በርሜሎቹ በዚያው ሳምንት ምንም ሳይባል ተጋደሙ። እኔ በሦስተኛው ወር የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆንሁ። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶች። ይነቅዛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውስጤ ሲነቅዝ ኖሯል።

ከእስር ሲወጡ የመንግሥት ሞተር እንዳይነኩ ተከለከሉ። ሐይቁን ተሻግረው ደልጊ ገቡ፤ ባል ያገባችው ልጃቸው ዘህራ ዘንድ ሆነው የወፍጮ ሞተር መጠገን ጀመሩ። ይህን በወሬ ነው የሰማሁት። እሄዳለሁ እያልሁ ዓመታት አለፉ። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ለሥራ በሳምንታዊው ጀልባ ወደ ጎርጎራ ስሄድ ጀልባው ደልጊ ላይ እህል ሊያራግፍ ቆመ። ወርጄ አጠያየቅሁ።

አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሞተር ፈትተው አገኘኋቸው። ጢማቸው ነጥቶ ነበር። ሲያዩኝ አልደነገጡም፤ አልተቆጡም። «ደኅና ነህ ወይ? አባትህ ደኅና ናቸው?» አሉ። አባቴ ማረፋቸውን ነገርኋቸው። አዘኑልኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፍቶኝ በአንዴ አወጣሁት።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ያን ደብዳቤ አልሰጠሁትም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቁ?»

«ያኔውን ነዋ። ጠዋት ጠዋት መልስ መጣ ወይ ስልህ ዓይንህ መሬት መሬት ያይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ? ለምን ራስዎ ሄደው አልነገሩትም?»

«እኔማ ተናግሬ ተስቆብኝ የለ። ወረቀቱ ነበር የቀረኝ፤ ወረቀቱ ደግሞ በአንተ እጅ ነው። ልጅ ነው፣ ፈርቷል፣ ነገ ይሰጠዋል እያልሁ ጠበቅሁህ።»

«በስብሰባውስ? ለምን አላጋለጡኝም?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ያኔም ጠበቅሁህ» አሉ።

ቢሰድቡኝ፣ በያዙት የብሎን መፍቻ ቢመቱኝ በወደድሁ። እሳቸው ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ለኔ ያልኸውን ለልጄ ንገራት። ቤቱ ያ ነው፣ ቆርቆሮው የሚታየው። በትምህርት ቤት የአሻጥረኛ ልጅ ተብላ ነው ያደገች፤ ዛሬም የባሏ ወገኖች በሷ ላይ ሲቆጡ እሱን ነው የሚያነሡባት። እኔ ብነግራት አባት ስለሆነ ነው ትላለች። አንተ ግን የጻፍኸው ነህ። ሌላ ነገር አልፈልግብህም።»

«እነግራታለሁ» አልሁ። ከልቤ ነበር።

ዘህራ በር ላይ ተቀበለችኝ። ከአባትሽ ጋር እሠራ ነበር ስላት በርጩማ አወጣችልኝ፤ ወተት በብርጭቆ አቀረበችልኝ፤ ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። የአባቷ ትከሻ ነው ያላት። ወተቱን እስክጠጣ በትዕግሥት ጠበቀችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«እርስዎ እዚያው ነበሩ። እሱ ተሳስቼ ይሆናል ከማለት በቀር አንድ ቀን አልነገረኝም። እውነት ያንን ውሃ አባቴ ነው የጨመረ?»

ዓይኗን አየሁት። ከዚያ ሰፈሩን ሁሉ አሰብሁ፤ ባሏ ሲሰማ፣ አጥማጆቹ ሲሰሙ፣ ወሬው ሐይቁን ተሻግሮ ባሕር ዳር ሲደርስ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊው ደብዳቤ አቃጥሎ ሰው አሳሰረ ሲባል።

«ጊዜው ክፉ ነበር፣ እህቴ» አልኋት።

ሌላ ነገር እንድጨምር ጠበቀችኝ። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጬ ተነሣሁ።

«ልሂድ፣ ጀልባዬ ሊነሣብኝ ነው» አልኋት።

ጀልባው የሚነሣው ገና ከሁለት ሰዓት በኋላ ነበር።